ኢትዮጵያ ስለ ተባለችው መርከብ አሠራርና አገልግሎት

የሰው ልቡና ድምፅ ያለውን ነገር ፈጥኖ ይይዛል፤ በዝምታ የሚያገለግለውን ግን ፈጥኖ ይረሳል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑ ሁለት የጦር ዕቃዎች በአገራችን ታሪክ ይገኛሉ። አንደኛው ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ሁለተኛዪቱ በባዕድ አገር ተሠርታ፥ በባዕድ ጦርነት አገልግላ፥ በኋላም የአገራችንን ስም ተሸክማ በቀይ ባሕር ላይ 30 ዓመት ያህል የኖረችው ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብ ናት። መድፉን ከጉና ግርጌ እስከ መቅደላ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ መርከቢቱን ግን ከአረጋውያን መርከበኞች በቀር ስሟን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ስለዚህ የመርከቢቱን አሠራርና አገልግሎት ለአንባቢ ማስታወስ የተገባ ነው፤ ዘመኑም የሚቈጠረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

የመድፉ ነገር አስቀድሞ ይነገር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የሰበሰቧቸውን የአውሮጳ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ታላቅ መድፍ ይሠሩላቸው ዘንድ ባዘዙ ጊዜ፥ እነዚያ ሰዎች ከሚስዮን ጋራ የመጡ ባለ እጆች እንጂ መድፍ አፍሳሾች አልነበሩም። ቢሆንም ትእዛዙ የንጉሥ ነውና ምድጃ ሠርተው፥ ቅርጽ አበጅተው፥ ማዕድኑን አቅልጠው፥ በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠሩ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ ያ መድፍ በሠረገላ ላይ ሆኖ በብዙ መቶ ሰው ጫንቃ ተጎተተ። መንገድ በሌለበት መንገድ እየተጠረገ፥ ዐለቱ እየተፈነቀለ፥ ቍልቍለቱና ዐቀበቱ እየተደለደለ ጉዞው ወራት ፈጀ፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። ይሁን እንጂ መድፉ ለታሰበለት ውጊያ ሳይጠቅም ቀረ። ዛሬም በመቅደላ ተራራ ላይ አለ፤ በአዲስ አበባም አምሳያው በአደባባይ ቆሞለታል።

የንጉሠ ነገሥቱ አሳብ ግን በመድፍ ብቻ አልቆመም። የጣና ዳር ሰው ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ይሻገራል። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1858 ዓ.ም. በዘጌ ሰፍረው ሳሉ፥ ስለ አውሮጳ የእሳት መርከብ የሰሙትን በልባቸው ይዘው፥ ከደንገል ትልልቅ ታንኳ አሠርተው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር በጎኑ አስገጠሙበት። ይህ ሥራ ለሚስቅ ሰው ያስቀዋል፤ ለሚያስተውል ሰው ግን የሚያሳዝንም የሚያስደንቅም ነው። ባሕር ያላየ የደጋ ንጉሥ፥ የመርከብን ኃይል በወሬ ብቻ ሰምቶ፥ በአገሩ ደንገል ሊመስለው ሞከረ።

የተፈራው ነገር በመጨረሻ የመጣው በጣና ላይ አይደለም፤ በታላቁ ባሕር ላይ ነው እንጂ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ ተነሥቶ፥ በብዙ መርከቦች ተጭኖ፥ በ1860 ዓ.ም. በዙላ ወደብ ወረደ። ከወታደሩና ከጋማ ከብቱ ሌላ 44 ዝሆኖች እንኳ በመርከብ ተጭነው መጥተው ነበር። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ አንድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ይህን ያህል ሕዝብ ይህን ያህል ወራት ሲደክም፥ ባሕርን የያዘው ወገን ሠራዊቱን ከነስንቁ፥ ከነመድፉ፥ ከነዝሆኑ ውቅያኖስ አሻግሮ በደጃችን አራገፈው። ደብረ ታቦር ከባሕር እጅግ የራቀች ብትሆንም የባሕር ነገር ያን ጊዜ ደረሰባት።

ዙላ ማለት ደግሞ የጥንቱ የአዱሊስ ደጃፍ ነው። በዚያ ስፍራ ቅዱሱ ንጉሥ ዐፄ ካሌብ በ517 ዓ.ም. ገደማ መርከቦችን ሰብስበው፥ የናግራንን ክርስቲያኖች ደም ለመበቀል ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ዘምተዋል። መርከብ በግእዝ ሐመር ይባላል፤ ቃሉ በመጻሕፍት ሁሉ የታወቀ ሲሆን ነገሩ ግን ከእጃችን ወጥቶ ኖረ። ቱርኮች በ1549 ዓ.ም. ምጽዋን ያዙ፤ ጣልያኖችም በ1877 ዓ.ም. ተተክተው ገቡባት። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን እስክትዋሐድ ድረስ የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያ ዳርቻ መልሕቅ የሚጥልበት ስፍራ አልነበረውም። ከዚህ በኋላ በ1947ና በ1948 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ በአሥመራም የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ። የኖርዌይ መኰንኖች ለትምህርቱና ለሥርዓቱ ብዙ ረዱ። ወደብ ተገኘ፥ ተማሪም ተገኘ፤ የጎደለ ነገር ተማሪዎቹን ተሸክሞ ከዳርቻ ርቆ የሚሄድ ታላቅ መርከብ ነበር። ይህንም የሞላችው የዚህ ጽሑፍ ነገር የሆነችው መርከብ ናት።

ይህች መርከብ የተሠራችው በአሜሪካ አገር፥ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፥ ሃውተን በተባለ ስፍራ ነው። የሚያስደንቀው ነገር መሠሪያው ከባሕር ዳር ሳይሆን ዋሽንግተን ከሚባል ሐይቅ ዳር መሆኑ ነው። ከሐይቁ ወደ ባሕር በሰው እጅ የተቈፈረ መተላለፊያ ስላለ፥ በሐይቅ የተሠራው መርከብ ወደ ውቅያኖስ ይወጣል። የጣናም ውሃ በዐባይ አድርጎ ወደ ታላቁ ባሕር ይወርዳል፤ ነገር ግን ጢስ ዐባይ ላይ ገደል አለበትና ውሃው ያልፋል እንጂ መርከብ አያልፍበትም። መርከቢቱ መስከረም 24 ቀን 1935 ዓ.ም. ወደ ውሃ ወረደች፤ ጥር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀመረች። ስሟም ያን ጊዜ ኦርካ ተባለ፤ ይኸውም በአላስካ የሚገኝ የአንድ የባሕር ሰላጤ ስም ነው።

አሠራሯን ለማስተዋል አስቀድሞ ለምን ሥራ እንደ ታሰበች ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካና ጃፓን የተዋጉበት የፓሲፊክ ውቅያኖስ እጅግ ሰፊ ነው፤ በውስጡ ያሉትም ደሴቶች ብዙዎቹ አይሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ አልነበራቸውም። ስለዚህ በውሃ ላይ የሚያርፉና ከውሃ ላይ የሚነሡ አይሮፕላኖች ተሠሩ፤ ከእነርሱም ካታሊና የተባሉት የታወቁ ናቸው። እነዚህ አይሮፕላኖች የጠላትን መርከብ ይፈልጋሉ፥ ሌሊት ይመታሉ፥ ባሕር ላይ የወደቀውንም ሰው ያነሣሉ። ነገር ግን አይሮፕላን ነዳጅ ይጠጣል፤ አብራሪውም ይርበዋል፥ እንቅልፍም ያሸንፈዋል፤ ሞተሩም ይታመማል። የብስ በሌለበት ለእነዚህ ሁሉ ማደሪያና ጎተራ የሚሆን መርከብ ያስፈልጋል። ኦርካና እኅቶቿ ለዚህ ሥራ የተበጁ ነበሩ።

ቁመቷ 95 ሜትር ያህል፥ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። የኖኅ መርከብ 300 ክንድ በ50 ክንድ ስለ ነበረ ቁመቱ የወርዱ ስድስት እጥፍ ነው፤ የዚህችኛዪቱ ግን ከሰባት እጥፍ ይበልጣል። ያ ለመንሳፈፍ ተሠራ፤ ይህች ለመሮጥ። በሁለት ዘንግ በሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች ኃይል በሰዓት 18 የባሕር ማይል፥ ማለት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር። ከውሃው በታች የምትጠልቀው 4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአሠራሯ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይታወቃል፤ ታላላቅ መርከቦች የማይገቡበት ጥልቀት የሌለው የደሴት ጓዳ ለእርስዋ ወደብ ይሆናታልና። ወደ እንደዚህ ያለው ስፍራ ገብታ መልሕቋን ስትጥል አይሮፕላኖቹ በዙሪያዋ በተንሳፋፊ ምሰሶ እየታሰሩ ያድራሉ፤ እርስዋም እንደ ዶሮ እናት በመካከላቸው ትሆናለች። የጦር መሣሪያም አልጎደላትም፤ አፉ 127 ሚሊ ሜትር የሆነ መድፍና አይሮፕላን የሚመቱ ትንንሽ መድፎች ነበሯት።

ከመድፏ ይልቅ የሚያስፈራው ግን በሆዷ የያዘችው ነበር። ለአይሮፕላኖቹ የሚሆን 300 ሺህ ሊትር ያህል ቤንዚን ትሸከም ነበር። ጠላት በሰማይ ሲያንዣብብ፥ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብትደርስባት ነገሩ ሁሉ በዚያው የሚያልቅ ነው። የሚዋጋ መርከብ ጋሻው ወፍራም ነው፥ ቢመታም ይመታል። አገልጋዪቱ ግን ለሌሎች የሚሆነውን እሳት ተሸክማ በጠባብ ወደብ ውስጥ ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ መርከብ ላይ የነበሩት ሰዎች የትዕግሥት እንጂ የጀብዱ ወሬ የላቸውም፤ ስለዚህም የሚዘፍንላቸው አልተገኘም።

ኦርካ በ1936 ዓ.ም. ወደ ኒው ጊኒ አካባቢ ሄዳ ሥራዋን ጀመረች፤ በ1937 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ፊሊፒን በሚባሉት ደሴቶች በሌይቴ ሰላጤ ነበረች። በዚያ ወራት የጃፓን አብራሪዎች አይሮፕላናቸውን ራሱን እንደ ጥይት አድርገው በመርከብ ላይ መጣል ጀምረው ነበርና ቀኑ ሁሉ የጭንቅ ቀን ነበር። ከሌይቴም በኋላ ወደ ሊንጋየን ሰላጤ ሄዳ በዚያም አገለገለች። በጠቅላላው ስለ ጦርነት አገልግሎቷ ሦስት የክብር ኮከብ ተሰጣት።

ከዚያ ሁሉ አገልግሎት መካከል አንዲቱን ሌሊትና ማግስቷን ማስታወስ ይገባል። ኅዳር 24 ቀን 1937 ዓ.ም. ሌሊት ኩፐር የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ በኦርሞክ ሰላጤ ተመትታ ወዲያው ሰጠመች። ከሞት የተረፉት መርከበኞች ጠላት በያዘው ዳርቻ አጠገብ በባሕር ላይ ተበትነው ቀሩ። የወገን መርከቦች ተመልሰው ሊያነሧቸው አልቻሉም። በነጋ ጊዜ ግን ኦርካን ማደሪያቸው ካደረጉት ካታሊናዎች መካከል ወደዚያ በርረው በውሃው ላይ ያረፉ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ አይሮፕላን ብቻውን 56 ሰዎች አወጣ። አይሮፕላኑ ይህን ያህል ሕዝብ ሊሸከም የተሠራ አልነበረም፤ ሰዎቹ በእያንዳንዱ ጥጉ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ከብዶትም በውሃው ላይ እጅግ ረጅም ርቀት ከሮጠ በኋላ በጭንቅ ተነሣ። የእነዚያን ሰዎች ነፍስ ያዳነው የአብራሪው ድፍረት ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን አብራሪው የበላው እንጀራ፥ ሞተሩ የጠጣው ቤንዚን፥ ያን ሞተር ያደሰው እጅ፥ እነዚህ ሁሉ ከአገልጋዪቱ መርከብ የወጡ ናቸው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1938 ዓ.ም. አሜሪካውያን በቢኪኒ ደሴት አጠገብ የአቶም ቦምብ በባሕር ላይ ሲፈትኑ ኦርካ ከረዳቶቹ መርከቦች አንዲቱ ነበረች። በጥቅምት 1940 ዓ.ም. ከሥራ ወጥታ ተቀመጠች፤ በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. እንደ ገና ተጠራች፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ተሰናበተች። በባሕር አይሮፕላን የሚደረገው ሥራ እየቀረ ስለ ሄደ እንደ እርስዋ ያሉት መርከቦች ለሌላ መንግሥት የሚሰጡበት ዘመን መጥቶ ነበር። እነሆ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠች። ስሟም ተለውጦ ኢትዮጵያ ተባለች፤ የባሕር ኃይሉም ታላቋ መርከብ ሆነች።

አሠራሯ ለአዲሱ ሥራዋ እንዴት እንደ ተስማማ ማየት ያስደስታል። የአይሮፕላን አብራሪዎች ያድሩበት የነበረው ክፍል ለተማሪ መኰንኖች ማደሪያ ሆነ፤ የመጠገኛው ክፍልም ለሞተር ተማሪዎች የሥራ ትምህርት ቤት ለመሆን ተመቸ። ሌሎቹን ትመግብና ታሳድር የነበረች መርከብ አሁንም ሌሎችን እያሳደረች የምታስተምር ሆነች፤ ስሟ ተለወጠ እንጂ ግብሯ አልተለወጠም። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ወጣቶች በአሥመራው ኮሌጅ ሒሳብና የከዋክብት አካሄድ፥ የካርታ ንባብና የመኪና ትምህርት ከተማሩ በኋላ፥ በእርስዋ ላይ ወጥተው የተማሩትን በሥራ ይፈትኑ ነበር። በየዓመቱም በምጽዋ የባሕር ኃይል በዓል ሲከበር የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይ፥ የአሜሪካና የሶቭየት የጦር መርከቦች በእንግድነት ሲመጡ፥ ይህች መርከብ የባለቤቱን ቤት ክብር ይዛ ትቆም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሬር አድሚራል እስክንድር ደስታም የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ሆነው በዚያ ዘመን አገልግለዋል።

የደጋ ሰው መርከበኛ ሲሆን የሚያገኘውን መከራ ለመገመት አያስቸግርም። የጉና ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ በግርጌው ያደገ ልጅ ጋቢውን ደርቦ ከእሳት ዳር የሚያድር ነው። ምጽዋ ግን በዓለም ካሉት ሞቃት ወደቦች አንዷ ናት። የዘመድ አዝማዱ ለቅሶ፥ የባሕሩ ማዞር፥ የብረቱ ግለት፥ የማያውቀው ምግብ፥ ይህ ሁሉ በአንድነት ይገጥመዋል። ነገር ግን ይህ ሕዝብ ለትምህርት መሰደድን ያውቅበታል። ድጓ ለመማር ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ የሚወርድ የቆሎ ተማሪ፥ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ለምኖ እየበላ፥ ውሻ እየተከላከለ፥ ዓመታት ይቀመጣል። የባሕር ተማሪውም የዚያው ስደት ወንድም ነው፤ ልዩነቱ መምህሩ በዛፍ ሥር ሳይሆን በሚወዛወዝ ብረት ላይ መቆሙ ነው።

በዚሁ ባሕር ኃይል ውስጥ ሌላ ዝምተኛ አገልጋይ ደግሞ ነበረች። በ1963 ዓ.ም. ገደማ ከሆላንድ መንግሥት የተገኘች ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ናት። የባሕር ፈንጂ በሰንሰለት ከባሕሩ ወለል ታስሮ፥ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተሰውሮ ይጠብቃል። ጠራጊዪቱ መቍረጫ ያለበት ረጅም የብረት ገመድ ከኋላዋ እየጎተተች ታልፋለች፤ ገመዱ ሰንሰለቱን ሲቈርጠው ፈንጂው ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከሩቅ ተተኵሶ ይጠፋል። ሌላ ዓይነት ፈንጂ ደግሞ በወለሉ ላይ ተኝቶ የመርከብ ብረት በላዩ ሲያልፍ በማግኔት ኃይል የሚፈነዳ ነው። ስለዚህ የእንደዚህ ያለችው መርከብ ገላ ከእንጨት ይሠራል። ሥራዋ ሁሉ ሌሎች በሰላም ያልፉ ዘንድ አስቀድማ በሞት መንገድ ማለፍ ነው። በሚገባ ከሠራች ምንም ነገር አይፈነዳም፤ ምንም ነገር ካልፈነዳም ማንም ስለ እርስዋ አይናገርም።

የኋለኛው ዘመን ግን የመከራ ዘመን ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት የቀድሞው መንግሥት ሰዎችና መኰንኖች አንዱ ሬር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ። ከዚያም ባሕር ኃይሉ ፊቱን ወደ ሶቭየት ኅብረት መልሶ ሚሳይል የሚተኩሱ ጀልባዎችና ሌሎች መርከቦች ተቀበለ። አሮጊቷ መርከብም በመካከላቸው አገልግሎቷን ቀጠለች። በሰሜን ያለው የወንድማማች ጦርነት ግን እየከፋ ሄዶ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥቱ እጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ፥ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ከነመርከበኞቻቸው ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ሸሹ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋራ ሄደች። ዐፄ ካሌብ በድል የተሻገሩትን ባሕር፥ የአገሪቱን ስም የያዘችው መርከብ በስደት ተሻገረችው።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ ኢትዮጵያም የባሕር ዳርቻ የሌላት አገር ሆነች። ወደብ የሌለው መርከብ ቤት እንደሌለው አረጋዊ ነው፤ የሚያሳድረው ሰው ቢገኝ እንኳ የሚጦረው አይገኝም። በዚያው በ1985 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብ በየመን ተሰባብራ ለብረት ዋጋ እንድትውል ተሸጠች። የቀሩትም መርከቦች ወደ ጅቡቲ ሄደው በ1989 ዓ.ም. መጀመሪያ ለጨረታ ቀረቡ። አንዲት ትንሽ የጥበቃ ጀልባ ብቻ ወደ ጣና ተወስዳ በሐይቁ ላይ ቀረች። ዐፄ ቴዎድሮስ የደንገሉን መርከብ በሞከሩበት ውሃ ላይ፥ ከባሕር ኃይሉ የተረፈችው ጀልባ ብቻዋን ተንሳፈፈች።

እንግዲህ ሁለቱ የጦር ዕቃዎች ይነጻጸሩ። ሴባስቶፖል በብዙ ድካም ተሠርቶ ለውጊያው አልጠቀመም፤ አካሉ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ኢትዮጵያ መርከብ ከ1936 እስከ 1983 ዓ.ም. በሁለት መንግሥታት ባንዲራ ሥር አገለገለች፤ ከአካሏ ግን በአገራችን የሚታይ ነገር አልቀረም። ይህን ሲያይ ሰው የመድፉን መታሰቢያ ሊነቅፍ አይገባውም። ያ መድፍ የአንድን ንጉሥ የጥበብ ረኃብ የሚያስታውስ ነው፤ ሕዝብም ረኃቡን ማስታወሱ ደግ ነው። የሚነቀፈው የንጉሡን ምኞት እያስታወሱ ምኞቱ የተፈጸመበትን ሥራ መርሳት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘጌ ዳር በደንገል የመሰሉትን ነገር፥ የደጋ ልጆች ከመቶ ዓመት በኋላ በእውነተኛው ባሕር ላይ በገዛ እጃቸው ነዱት።

ባሕር የሌለው አገር የባሕርን ዕውቀት ምን ያደርገዋል የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልሱ ከቃል ትምህርት ቤት ይገኛል። ድጓው በእሳት ቢቃጠል፥ በቃሉ የያዘው ሊቅ በሕይወት ካለ ብራና ተፍቆ ይጻፋል፤ ሊቁ ከሞተ ግን ብራናው ብቻውን ዜማውን አያሰማም። የመርከብም ዕውቀት እንዲሁ ነው። ብረቱ በገንዘብ ይገዛል፤ ኦርካም በውሰት ነበር የመጣችው። መርከበኛ ግን ከሕፃንነት ወደ ሰውነት እንደሚያድግ ልጅ በዘመናት ብቻ የሚገኝ ነው። የቀድሞዎቹ መርከበኞች በየአገሩ ተበትነው ከፊሎቹ በባዕድ የንግድ መርከቦች ላይ ሠሩ፤ ከፊሎቹም ሙያቸውን ትተው በየከተማው ኑሯቸውን ገፉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በጣና አጠገብ የመርከብ ትምህርት ተከፍቶ ለዓለም የንግድ መርከቦች መሐንዲሶች ሲሠለጥኑበት፥ ዕውቀቱ ፈጽሞ ባዳ አልሆነም። መንግሥትም በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይልን እንደ ገና እንደሚያቋቁም ሲያስታውቅ፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ ስለ እርዳታው ሲስማማ፥ ነገሩ ከምንም የሚጀመር እንዳልሆነ የሚያስረዱት እነዚያው አረጋውያን ናቸው።

የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ወርደው ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም በዐባይ እስከ ታላቁ ባሕር ይሄዳሉ። በእነዚህ ወንዞች መካከል ያሉት የደብረ ታቦር፥ የጋይንትና የፎገራ ሰዎች፥ ካህናቱም ነጋዴዎቹም መምህራኑም፥ በአጠገባቸው በዚያ መርከብ ላይ ያገለገለ ሰው ቢገኝ ወሬውን ይጠይቁት፥ ቃሉንም በጽሑፍ ያኑሩለት። በምን ወር የት እንደ ሄደ፥ በማዕበል ጊዜ ምን እንዳደረገ፥ በመጨረሻው ቀን ከወደቡ እንዴት እንደ ወጣ ይናገር። ለመድፉ አምሳያ ማቆም የቻለ ትውልድ ለመርከቢቱ ቢያንስ አንድ ጥራዝ ይጻፍላት። ያልተጻፈ አይወረስምና፥ የሚናገሩት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷልና፥ ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።